ሕሙም ሕፃንና የሚተኛበት ክፍል



ከፎገራ ወይም ከሊቦ ከምከም ሜዳ ወባ ይዞት ወደ ደብረ ታቦር የሚወሰድ ሕፃን ትኩሳቱ ሲያይልበት ይቃዣል፤ እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ሳለ እናቱን ይጣራል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ 150,000 ያህሉን ሲገድል፣ ይህን መሰሉን ቅዠት ያየች እናት ብዙ ናት። አንዳንዱ ቤተ ሰብ ነገሩን ከርኩስ መንፈስ ይቈጥረዋል። በሕክምና ዲሊሪየም የሚባለው ይህ ሁኔታ ግን በሕመም፣ በመድኃኒት ወይም በእንቅልፍ እጦት ምክንያት የአንጎል ሥራ ለጊዜው ሲታወክ የሚመጣ ነው።

ይኸው ችግር የመቅኔ ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሕፃናት ላይም ይታያል። የታመመው መቅኔ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ አዲሱ እስኪተካ ድረስ ሕፃኑ ለሳምንታት ያለ መከላከያ ይቈያል። ስለዚህ መሐንዲሱ አየሩ በሰዓት ቢያንስ 12 ጊዜ የሚለወጥ፣ ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን ከሚያህለው ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚያስቀር፣ ግፊቱም ከመተላለፊያው የሚበልጥ ክፍል ይሠራለታል። ክፍሉ ከተሐዋስያን ይጠብቀዋል። ነገር ግን ቀንና ሌሊቱን ካደባለቀበት፣ የሚያውቃቸውን ፊቶች ከነሣው፣ የመሣሪያዎች ጩኸትም እንቅልፍ ከከለከለው፣ በትኩሳትና በማስታገሻ መድኃኒት የደከመ አእምሮው ይብሱን ይታወካል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ዝምተኛው ዓይነት ነው። የሚጮኸው ሕፃን ሐኪም ይጠራለታል፤ ፈዝዞ የተኛው ግን «ዐረፈ» ተብሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መለኪያ ስምንት ጥያቄዎች አሉት፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃኑ አስታማሚውን ዓይን ለዓይን ያያልን? አካባቢውን ያውቃልን? የሚሉት ይገኙባቸዋል። ውጤቱ 9ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዲሊሪየም ይጠረጠራል።

መድኃኒቱን ማስተካከል የሐኪም ድርሻ ሲሆን፣ ክፍሉን ማስተካከል የመሐንዲስ ድርሻ ነው። ደብረ ታቦር ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ስለሆነች፣ ብርድ ፈርቶ መስኮት ማጥበብ ይቀናል። ሆኖም ወፍራም ግድግዳና ወደ ደቡብ የዞረ፣ በሚገባ የታሸገ የመስታወት መስኮት የበጋን ፀሐይ ያስገባል፤ ብርዱንም ይከለክላል። ሌሊት የሚደበዝዝ መብራት፣ ከአልጋው የሚታይ ሰዓት፣ ድምፁ በነርሷ ጠረጴዛ ዘንድ የሚሰማ የማስጠንቀቂያ ደወል፣ ለእናትም መኝታ የሚሆን ስፍራ ከንድፉ መጀመሪያ ሊታሰቡ ይገባል።

እንግዲህ ክፍሉ ተሠርቶ ርክክብ ሲደረግ የአየሩ ንጽሕና ብቻ አይመርመር። በእኩለ ሌሊት ደንግጦ የነቃ ሕፃን ዓይኑን ሲገልጥ የእናቱን ፊት ማየት መቻሉም ይመርመር።