ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከቡራዩ በመጣች አባል የቀረበ ንግግር)

ስለ ሶፍትዌር እንድናገር ስጠየቅ «ከእኔ የተሻሉ የተማሩ ልጆች አሉ» ብዬ ነበር። ግን የቁጠባ ደብተሩን ለዓመታት የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ስህተቱንም የማውቀው እኔ ነኝ።

አምና የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንዲት የሰበታ እህታችን ሁለተኛ ብድር ስትጠይቅ «የመጀመሪያውን አልጨረስሽም» ተብላ ተመለሰች። ከፍላ ነበር። ስሟን በኮምፒውተሩ ሠንጠረዥ አንድ ቦታ በ«ዓ»፣ ሌላ ቦታ በ«አ» ጽፌው ስለነበር ኮምፒውተሩ ሁለት ሴት አደረጋት፤ አንዷ ባለዕዳ፣ ሌላዋ ከፋይ። አሮጌውን ሰማያዊ ደብተር ገልጠን እውነቱን እስክናገኝ ድረስ ልትከራየው የነበረው የእንጀራ መሸጫ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስለዚህ ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን አይደለም። «ሀ»ን፣ «ሐ»ንና «ኀ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «ጸ»ንና «ፀ»ን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል ወይ? እለዋለሁ። ባይችል እንኳ ለእያንዳንዷ አባል የማይለወጥ ቁጥር ከሰጠን እንተርፋለን። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም አለ። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ «ሲ» በሚባለው ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን «ኤች» ይጨመርበታል። ሁሉም አጻጻፍ በአንድ አባል መዝገብ ላይ መቀመጥ አለበት። «የቤተሰብ ስም ካልሞላችሁ አላሳልፍም» የሚል ፕሮግራምም አይሆነንም፤ እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው።

አንዱ ፕሮግራም ሊያሳየን የመጣ ወጣት «እስቲ ጳጉሜን 3 ብለህ አስገባ» ስለው ሳቀ። አልገባለትም። እኛ የምንቆጥበው በኢትዮጵያ ቀን ነው፤ ለጋሾቻችን ሪፖርት የሚፈልጉት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሁለቱን የማያውቅ ፕሮግራም ሥራ ይጨምርብናል እንጂ አይቀንስልንም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 200 ዶላር የሚከፈልበት ፕሮግራም ቢኖረን ኖሮ 11,400 ብር የነበረው ኪራይ ከ20,000 በላይ ይሆን ነበር። ደጋፊዎቻችን አትቀየሙኝ፤ የመጀመሪያውን ዓመት እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅስ? ያንኑ ወጣት «መክፈል ብናቆም መዝገባችንን በሠንጠረዥ አድርገህ ትሰጠናለህ?» አልኩት። «ከቢሮ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» አለ። እስካሁን አልደወለም።

በ2015 ዓ.ም ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ሲገቡ የአድራሻችን አጠራር ተቀየረ። በድሮው የብድር ውል ላይ የተጻፈውና ዛሬ ያለው አይገናኝም። አዲሱን ስንጽፍ አሮጌውን የሚያጠፋ ፕሮግራም አንድ ቀን ፍርድ ቤት ያቆመናል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚያሳይ መሆን አለበት።

አሁን የምናገረውን ቀስ ብላችሁ ስሙኝ። ከመካከላችን ባሏ ሳያውቅ የምትቆጥብ አለች። ለምን እንደሆነ አንጠይቅም። የእሷ ገጽ በአንድ ሰው ስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ቢዞር ምን እንደሚደርስባት ታውቃላችሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕጉ ባይኖርም አደራው ነበረብን። ስለዚህ የይለፍ ቃሉ የገንዘብ ያዧና የጸሐፊዋ ብቻ ይሁን፤ ሊቀመንበሯም ብትሆን በፊርማ ትጠይቅ። (እመቤቴ፣ ይቅርታ፤ ፊት ለፊት ስለሆንን ነው።)

ሐሳቤ ይኸው ነው፦ ዘንድሮ ምንም አንግዛ። ሊብሬኦፊስ በነጻ ይገኛል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። በሠንጠረዡ ላይ የአባል ቁጥር፣ ሁለት ዓይነት ቀንና የቴሌብር ክፍያ ቁጥር እናስገባ፤ መልእክቱ ስልክ ላይ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በየወሩ በሁለት ፍላሽ ይገልበጥ፤ አንዱ ሱሉልታ ባለው ቁም ሣጥን ይቆለፍበት። ሰማያዊዎቹን ደብተሮችም ማንም እንዳይጥላቸው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የቁጠባ ደብተራችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። ከሰበታዋ እህታችን እንጀምራለን።