በክረምት ወራት በቤት ውስጥ ተመችቶ ስለ መኖር
ለመምህራንና ለሀገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ንግግር



ከውጭ ቋንቋ ተተርጕሞ ለሕፃናት በሚነበብ መጽሐፍ ውስጥ፥ ክረምት በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ፥ እሳት አንድዶ፥ ወፍራም ልብስ ለብሶ በቤቱ ይቀመጣል የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። በድሬዳዋ ከተማ በመጋላ የተወለደ ልጅ ይህን ባነበበ ጊዜ «ክረምት እንዲህ ነውን?» ብሎ መምህሩን ቢጠይቅ አልተሳሳተም። በፈረንጆች ሀገር ክረምት የሚባለው በረዶ የሚወርድበት የብርድ ወራት ነው፤ እርሱም በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው። በሊቃውንቱ ሐሳበ ዘመን ግን ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን የሚቈየው የዝናም ወራት ነው፤ የፈረንጆቹ ብርድ በሚውልበት ጊዜ በኢትዮጵያ መፀው አልፎ ሐጋይ፥ ማለት በጋ፥ ይገባል። ቃሉ አንድ ሲኾን ነገሩ ሁለት ስለ ኾነ፥ ምክሩም እንደዚሁ ሁለት መኾን ይገባዋል።

በኢትዮጵያም ውስጥ ቢኾን ብርዱ እንደ ሀገሩ ከፍታ ይለያያል። ሰው 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣ ቍጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ ከተራራ ግርጌ፥ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ግድም የተቈረቈረች ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ፥ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ በታኅሣሥና በጥር፥ የደጋው ሰው ጋቢና ቡሉኮ ደርቦ እሳት በሚሞቅበት ጊዜ፥ የመጋላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲናፍቀው የነበረውን ቀዝቃዛ ነፋስ ያገኛል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ አላስተኛ ብሎት በግቢው አንጥፎ ከሰማይ በታች ያድር የነበረው ሁሉ ያን ጊዜ ወደ ቤቱ ተመልሶ ይተኛል፤ አንድ ቀጭን ልብስ ይበቃዋል። እንግዲህ በመጋላ የቤትን ኑሮ የሚያስቸግረው ብርዱ አይደለም፤ ዝናሙ ነው።

መጋላ ማለት በሶማልኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው። የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ወደ ሥፍራው በደረሰ ጊዜ ድሬዳዋ ተቈረቈረች፤ በአንድ ወገን መንገዱ በቀጥታ የተቀየሰው ከዚራ፥ በሌላው ወገን ነጋዴው እንደ ፈቃዱ የሠራው መጋላ ኾኑ። በመካከላቸው ደቻቱ ያልፋል። ወንዝ ይባል እንጂ ከዓመቱ የሚበዛውን ቀን ውሃ የለበትም፤ አሸዋ ነው። በመጋላ ቤቱ ከቤቱ፥ ግቢው ከግቢው የተጠጋጋ ነው፤ ኑሮውም በግቢ ነው። ሴቶች ምድጃቸውን በግቢ አኑረው ያበስላሉ፤ ሽማግሌዎች ማታ ምንጣፍ አንጥፈው ይጫወታሉ፤ ከአሸር፥ ማለት ከቡና ገለባ፥ ከወተት ጋር የፈላው ሆጃም በዚያው ይጠጣል። ዝናም በመጣ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ቤት ይገባል፤ ምድጃውም፥ ልጁም፥ ሽማግሌውም። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል፥ የመስኮቱ መዝጊያም ይጠበቃል። ሰው «እሰይ፥ ተመቸኝ» የሚለው በዚህ ጊዜ ነው፤ አደጋውም የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

አስቀድሞ የምድጃውን ነገር መናገር ይገባል። ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታም የለውም፤ ዐይን አያቃጥልም፥ አያስልም። ደም ከሳንባ ተቀብሎ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚያደርሰው ኦክሲጅን የሚባለውን አየር ነው፤ መርዙ ግን ከደም ጋር የሚጣበቀው ኦክሲጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኀይል ነው። ስለዚህ ጥቂቱ እንኳ ሥፍራውን ቀድሞ ይይዝበታል፤ ሰውዬው እየተነፈሰ አየር ያጣል።

በብዙ ቤት ከሰሉን በደጅ አቀጣጥሎ፥ ጢሱ ካለቀና ፍሙ ከቀላ በኋላ ማስገባት የቈየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ከምንም ይሻላል፤ የሚታየውን ጢስ በደጅ ያስቀራልና። ነገር ግን የሚገድለው የሚታየው አይደለም። ፍሙ ቀልቶ፥ ዐመድም ለብሶ ያለቀ በመሰለ ጊዜ መርዙ መውጣቱን አይተውም። ምልክቱ ራስ መምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ ጕልበት መክዳት ነው። በአንድ ቤት የተቀመጡ ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ቢያማቸው፥ ምክንያቱ መጋኛ ወይም የሰው ዐይን ነው እየተባለ ጊዜ መጥፋት የለበትም፤ ምድጃው ነው። «ከሰል መታኝ» የሚለው የሕዝብ አነጋገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። እንዲህ የኾነውን ሰው ፈጥኖ ወደ ነፋስ ማውጣት፥ በሩንና መስኮቱን መክፈት፥ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ ነው እንጂ፥ ወተት እያጠጡ በዚያው ቤት ማስተኛት እርሱን ለሞት ማዘጋጀት ነው። የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን አያውቀውም፤ ስለዚህ ከመተኛት በፊት ምድጃው ከቤት መውጣት አለበት።

ይህ ነገር ከመጋላ ተወላጆች ይልቅ የሚያሠጋው ከዚያ ወጥተው ወደ ደጋ ለሚሄዱት ነው። ከቆላ ተነሥቶ በደንገጎ ዐቀበት አልፎ ወደ ሐረማያ ወይም ወደ ሌላ የደጋ ቀበሌ ለማስተማር የተላከ ወጣት መምህር ብርድን ያልለመደ ነው፤ የሚከራየውም ቤት ብዙ ጊዜ አንዲት ክፍል ናት። በመጀመሪያው የብርድ ሌሊት ጎረቤቱ አዝኖለት ፍም ይሰጠዋል፤ እርሱም መስኮቱን በጨርቅ ወትፎ ይተኛል። የጎረቤቱ ርኅራኄ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ከፍሙ ይልቅ ቡሉኮ ቢያውሰው ይሻል ነበር። ብርድ ከላይ ብቻ አይመጣም፤ ከመሬት ይነሣል፤ ስለዚህ ከፍራሹ በታች ሰሌን ወይም ደረቅ ጭድ መደልደል ከላይ ሌላ ልብስ ከመጨመር የበለጠ ይጠቅማል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር ሥር ማኖር፥ ከመተኛትም በፊት አጥሚት ወይም ገንፎ መብላት እንደዚሁ ነው። ነፋስ የሚገባበትን የግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ መምረግ መልካም ነው፤ ከጣራው በታች ያለችውን ቀዳዳ ግን መተው ያስፈልጋል።

የደቻቱ ነገር ደግሞ ከምድጃው ይከብዳል። በመጋላ ሰማይ ላይ ኮከብ እየታየ፥ በደንገጎና በዙሪያው ባሉት ተራሮች ላይ ከባድ ዝናም ሊወርድ ይችላል። ተራራው ደኑ ስለ ተመነጠረ፥ ውሃው በመሬት ሳይሰርግ ቍልቍል ይሮጣል፤ ያን ጊዜ ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ወንዝ ይኾናል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ወጣ። ሰዓቱ ሌሊት ነበር፤ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ በእንቅልፍ ላይ ነበር። ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፥ ብዙ ሺህ ሰዎችም ያለ ቤት ቀሩ። ልጅ ከእናቱ ጕያ፥ ሽማግሌ ከአልጋው ተወሰደ። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ይኹን እንጂ ግንብ የተሠራለት ሰው ሁሉ ጆሮውን መዝጋት አለበት ማለት አይደለም።

በወንዙ አጠገብ ባሉ ግቢዎች የሚኖሩ ቤተ ሰቦች በሐምሌና በነሐሴ ሌሊቱን ተካፍለው አንድ ሰው ነቅቶ ቢያድር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለሠርግና ለልቅሶ ከዚህ የሚበልጥ ይደረጋልና። በተራራው ወገን ዘመድ ያለው ስልኩን ሳያጠፋ ይደር፤ ዘመዱም ዝናሙ ሲበረታ ይደውልለት። ልጆች ከቤታቸው ወደ ከፍታ የሚወጡበትን መንገድ በቀን ብርሃን ሊሄዱበት ያስፈልጋል፤ የሚሸሸው ወደ ጎን ወደ ከፍታው እንጂ በወንዙ አቅጣጫ ወደ ታች አይደለም። እስከ ጕልበት የሚደርስ ፈጣን ጎርፍ ዐዋቂውን ሰው ይጥላል፤ ስለዚህ በመኪናም ቢኾን «ጥቂት ነው» ብሎ መሻገር ድፍረት ነው። የቤት ካርታ፥ የልጆች የትምህርት ማስረጃና ይህን የመሰለው ወረቀት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ኾኖ ከበሩ አጠገብ ከፍ ብሎ ቢሰቀል፥ ማንም ለዕቃ ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም። ሽማግሌዎችም አንድ ነገር ማስተዋል ይገባቸዋል። ድኻ በወንዙ ዳር ቤት የሚሠራው ውሃውን ንቆ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። እርሱን በመውቀስ የሚጠፋው ቃል ሌላ ቦታ እንዲሰጠው በመማለድ ቢውል ይሻላል።

ዝናሙ ሲያባራ ሌላ ነገር ይቀራል፤ በበርሜልና በገንቦ የተጠራቀመው ውሃ። በመጋላ ሰው ውሃ ማጠራቀሙ መልካም ነው፤ ሳይከድኑ መተው ግን በቤት ውስጥ ትንኝ ማርባት ነው። በድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባለው ንዳድ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ መገጣጠሚያን የሚያሠቃየው ቺኩንጉንያ ተነሥተው ነበር፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ቀን የምትነድፍ ትንኝ ናት። የወባ ትንኝ በረግረግና በኵሬ ትኖራለች እንጂ በከተማ አትበረታም ይባል ነበር፤ ነገር ግን አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከእስያ የመጣች ዘር በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ ይህችም በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ወባ የበረታው በእርሷ ምክንያት ነው፤ የበረታውም ዝናሙ ሳይጠበቅ ገና ከበጋው ጀምሮ ነው። ትንኝ ከእንቍላል ተነሥታ እስክትበር አንድ ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ይበቃታል። ስለዚህ በርሜሉን በሳምንት አንድ ቀን ማጠብ ያስፈልጋል፤ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፥ የቀን ትንኝ እንቍላሏን በበርሜሉ ግድግዳ ታጣብቃለችና በብሩሽ መፈተግ ይገባል።

እንግዲህ በመጋላ በክረምት ማታ በደንብ መከደን የሚገባው በርሜሉ ነው፤ መስኮቱ ግን ወንፊት ሽቦ ተመትቶበት ክፍት ቢያድር ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ አየር ይገባል፥ የደቻቱም ድምፅ ይሰማል። ሆጃውን በቤት ውስጥ ማፍላት የግድ በኾነ ጊዜ፥ ምድጃው በተከፈተው በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ከእርሱ ርቀው ይቀመጡ። ከፈላ በኋላ ምድጃው ወጥቶ ዝናም እንዳያገኘው በጣራው ክፈፍ ሥር ይደር፤ ለነገ የሚተርፍ ፍም ቢኖር በዐመድ ተዳፍኖ በዚያው ይቈይ።

መምህሩም በማግሥቱ ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን «ትናንት ማታ ምድጃችሁ የት አደረ?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም በየስማቸው አንጻር በጥቍር ሰሌዳው ላይ ይጻፈው። በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ይድገመው።