ከፒፔት ወደ ጌም

እሷ፦ ማስተርሱን ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ጎረቤታችን እሑድ ማታ ከቤት ሲወጣ «ወዴት?» ብለው፣ «ሴሎቼን ላበላ» አይለኝ መሰለህ!

እሱ፦ እውነቱን ነው እኮ። በ37 ዲግሪ ሙቀት የሚያድጉ ሴሎች ሰንበት አያውቁም። ምግባቸው የሆነው ፈሳሽ በሁለት ሦስት ቀን ካልተቀየረ ይጎዳሉ። ዕቃ ማጠቡ፣ ዕቃውን በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ኦቶክሌቭ 121 ዲግሪ እስኪደርስ መጠበቁ፣ የፈሳሽ መቅጃው የፒፔት ጫፍ አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ መደርደሩ ደግሞ አለልሽ። ፒፔት ሲጫን የዋለ አውራ ጣት ይዝላል።

እሷ፦ በዛለው ጣቱ ነዋ ሌሊቱን ሙሉ ጌም የሚጫወተው! እኔ ይተኛ ባይ ነኝ።

እሱ፦ ተይው ባክሽ። ሙከራ ወራት ለፍተሽበት ለምን እንደከሸፈ እንኳ አይነግርሽም። ጌም ላይ ግን ብትሸነፊም የት እንደሳትሽ ታያለሽ፤ ወዲያው ትደግሚያለሽ። ደግሞ ጌምና ላብራቶሪ ባዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውዮርክ፣ ብሩክሄቨን ላብራቶሪ ውስጥ፣ የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ሂጊንቦተም ጎብኚዎችን ለማዝናናት ኦሲሎስኮፕ በሚባል መሣሪያ ስክሪን ላይ የቴኒስ ጨዋታ ሠርቶ ነበር።

እሷ፦ እሱማ በሥራ ሰዓቱ ነው የሠራው!

እሱ፦ ፎልዲትስ? የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው፣ ፕሮቲን የሚታጠፍበት ጌም ነው። ጦጣዎችን ኤድስ መሰል በሽታ የሚያሲዝ ቫይረስ አለ፤ የአንድ ኤንዛይሙ ቅርጽ ተመራማሪዎችን ከአሥር ዓመት በላይ አስቸግሮ ነበር። ተጫዋቾቹ በሦስት ሳምንት ፈቱት፤ ውጤቱም በ2011 ታተመ።

እሷ፦ ጎሽ! ግን ሴል አብልቶ የገባ ሰው ፕሮቲን ማጠፍ አያምረውም፤ ጎራዴ ነው የሚያምረው።

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ሙዚቃ እንስማና እንመለስ።