የጣሪያ ውሃን ለመጠጥ ማብቃት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ ዕለት ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል። መነገሩም ተገቢ ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን በሪፖርት ላይ የማይወጣ፣ ነገር ግን በየአባሉ ደጃፍ የሚገኝ ነው፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወርዶ በበርሜልና በታንከር የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ። ይህ ውሃ ዛሬም እየተጠጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜም ምንም ሳይደረግበት እየተጠጣ ነው።

ሰኔና ሐምሌ የእርሻ ሥራ የሚበረታበት ወቅት ነው። ተቅማጥም በቤት ውስጥ የሚበረታው በዚሁ ወቅት ነው። ልጅ ሲታመም እናት አረሙን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ አባትም በሬውን ፈትቶ አብሯት ይወጣል። በወቅቱ ያልታረሰ ማሳ ማዳበሪያ በማብዛት አይካስም። የታመመው ጨቅላ ከሆነ ደግሞ የሚታጣው የእርሻ ቀን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ውሃ ማቆር ለአባላት እንግዳ ነገር አይደለም። በተለይ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ፣ በትግራይ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በየአርሶ አደሩ ጓሮ ጉድጓድ እየተቆፈረ፣ ላስቲክ እየተነጠፈ ወይም በሲሚንቶ እየተለሰነ የክረምቱን ጎርፍ ለማጠራቀም ሰፊ ዘመቻ ተካሂዷል። ላስቲኩ የተቀደደበት፣ ሲሚንቶው የተሰነጠቀበትና ያለ አጥር ቀርቶ ለሰውና ለእንስሳ አደጋ የሆነ ጉድጓድ ጥቂት አልነበረም። በአንጻሩ እንደ ምንጃር ሸንኮራ ባሉ ውሃ አጠር አካባቢዎች አርሶ አደሩ ጉድጓዱን ይዞ የሽንኩርት ችግኝ አፍልቶበታል፣ ከብቱንም አጠጥቶበታል። ዘመቻው በቂ መልስ ያልሰጠው ቤተሰቡ ምን ይጠጣ ለሚለው ጥያቄ ነበር። መሬት ለመሬት የመጣ ጎርፍ የከብት እበቱንም፣ የሜዳ ላይ ዓይነ ምድሩንም አጥቦ ነው ጉድጓድ የሚገባው። በመሆኑም የጉድጓዱ ውሃ ለሽንኩርቱና ለከብቱ፣ የጣሪያው ውሃ ለሰው ተብሎ ከመጀመሪያው ሊለይ ይገባል።

የጣሪያው ውሃ ይበቃል ወይ የሚል ካለ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8 ሜትር የሆነ ባለ ቆርቆሮ ቤት 40 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በዓመት 800 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚጥልበት ቀበሌ 32 ሺህ ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። አንድ አምስተኛው በተንና በፍሳሽ ቢባክን እንኳ ከ25 ሺህ ሊትር በላይ ይቀራል። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጠቀም ለስምንቱ የበጋ ወራት የሚያስፈልገው 4 ሺህ 800 ሊትር ነው። አንድ ባለ 5 ሺህ ሊትር ታንከር ይይዘዋል። ለልብስና ለገላ አይበቃም፤ ለአፍ ግን ይበቃል።

በስምጥ ሸለቆ ላሉ አርሶ አደሮች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በዚያ አካባቢ ብዙው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣም አጥንትን ይጎዳል፤ የወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች ላይ የደረሰው ጉዳት ለዚህ የታወቀ ምስክር ነው። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፤ ውሃው በተነነ መጠን እንዲያውም ይጠነክራል። የዝናብ ውሃ ግን ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል።

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከሞላ ጎደል ንጹህ ነው። የሚቆሽሸው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ አቧራ ይቆለላል፣ እርግብና ቁራ ኩስ ይጥሉበታል፣ አሸንዳው ውስጥ ቅጠል ይበሰብሳል፣ እንሽላሊት ይሞታል። የመጀመሪያው ካፊያ ይህንን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይገባ በግንቦት ጣሪያውንና አሸንዳውን መጥረግ፣ ጣሪያው ላይ ያዘነበለውን የዛፍ ቅርንጫፍም መቁረጥ ያስፈልጋል። ዝናቡ ሲጀምር የመጀመሪያው ውሃ ወደ ታንከሩ መግባት የለበትም። ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ሁለት ጀሪካን ያህል ውጭ መፍሰስ አለበት። የአሸንዳውን መውረጃ ቱቦ እንዲነቀል አድርጎ ሠርቶ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ወደ ጓሮ ማዞር ይበቃል፤ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ለጥቂት ቀናት ዝናብ ተቋርጦ ሲመለስም ይኸው ይደገማል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ እንዳያመልጥ በመሳሳት የዓመቱ ቆሻሻ ውሃ ቀድሞ ታንከር ይገባል።

የሳር ጣሪያ ውሃ ለመጠጥ አይመከርም። እርሳስ ያለበት ቀለም የተቀባ ቆርቆሮም እንዲሁ።

ታንከሩ ክዳን ይኑረው፤ መግቢያውና የትርፍ ውሃ መውጫው በጥቅጥቅ ወንፊት ይሸፈኑ። ይህ ለቅጠል ብቻ አይደለም። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው አኖፊለስ ስቴፌንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ከረግረግ ይልቅ በበርሜልና በታንከር ውሃ መራባት የሚወድ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ወባን ደጃፍ ላይ እንደ ማርባት ይቆጠራል። ቧንቧው ከታንከሩ ወለል አንድ ጣት ርዝመት ያህል ከፍ ብሎ ቢገጠም ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ብርሃን የሚያስገባ ነጭ ታንከር አልጌ ስለሚያበቅል ጥላ ሥር መሆን ወይም መሸፈን አለበት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሃው ገና ለመጠጥ አልበቃም። በብርጭቆ ተቀድቶ እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ በሽታ ሊኖርበት ይችላል፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩምና። «የእግዜር ውሃ ምን ይሆናል» የሚሉ አባቶች ስለ ዝናቡ እውነት አላቸው። በመካከል ያለው ጣሪያና እጅ ነው።

ሕክምናው በታንከሩ ላይ ሳይሆን በየዕለቱ በሚቀዳው ጀሪካን ላይ ቢሆን ይመረጣል። ታንከር ውስጥ የተጨመረ ክሎሪን በቀናት ውስጥ ኃይሉ ያልቃል፤ በሚቀጥለው ዝናብም አዲስ ቆሻሻ ይገባል። ውሃው ከደፈረሰ በቅድሚያ ማዝቀጥና ደጋግሞ በታጠፈ ንጹህ አሮጌ ነጠላ ማጥለል ያስፈልጋል። ደለል ክሎሪኑን ይበላዋልና። በባንግላዴሽ የገጠር ሴቶች አሮጌ ሳሪ አራት ጊዜ አጥፈው የወንዝና የኩሬ ውሃ እንዲያጠልሉ ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት ኮሌራ ወደ ግማሽ በሚጠጋ ቀንሷል። ግማሹ ግን ቀርቷል፤ ማጥለል ብቻውን አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው። በሱዳን በአባይ ዳር ያሉ ሴቶች የሽፈራው ዛፍን ፍሬ ወቅጠው የደፈረሰ ውሃ ያጠራሉ። ይህም ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ያጠራል እንጂ በሽታውን ጨርሶ አይገድልም፤ የተጣራውም ውሃ ሳያድር ማለቅ አለበት። እንስራን በወይራ ማጠንም ለሽታና ለጣዕም እንጂ ለተሕዋስያን መድኃኒት ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።

ለመግደል ሦስት መንገድ አለ። ማፍላት ከሁሉም አስተማማኝ ነው፤ ክሎሪን የሚቋቋሙትን እንደ ጃርዲያ ያሉትንም ይገድላል። ውሃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ በሚሉ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይሁን። ችግሩ ማገዶ ነው። በየቀኑ አንድ ጀሪካን አፍሉ ብሎ ማስተማር ለአስተማሪው ይቀላል፣ ማገዶ ለምትሸከመው ግን አይቀልም።

ሁለተኛው ክሎሪን ነው። «ውሃ አጋር» በሚል ስም የታወቀውን ዓይነት ለመጠጥ ውሃ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ፣ አወዛውዞ፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ይህ ካልተገኘ ሽታና ሳሙና ያልተቀላቀለበት፣ 5 ከመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ለጠራ 20 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ አዲስ የመርፌ ሲሪንጅ ገዝቶ መለካት ይቻላል። የበረኪና ጥንካሬ ለመጠጥ ከተዘጋጀው በእጅጉ ስለሚበልጥ የአንዱን ክዳን ለሌላው መለኪያ ማድረግ አደገኛ ነው። ከ30 ደቂቃ በኋላ ውሃው ትንሽ ክሎሪን መሽተት አለበት። ጨርሶ ካልሸተተ ክሎሪኑ በቆሻሻው ተበልቷል ወይም ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳው ትልቁ ቅሬታ ቡናው ተበላሸ የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ያበላሻል። ነገር ግን ቡናና ወጥ በራሳቸው ስለሚፈሉ ክሎሪን አያስፈልጋቸውም። ክሎሪኑ የሚያስፈልገው ሳይፈላ ለሚጠጣው ነው፤ ማሳ ላይ በሶ ለሚበጠበጥበት፣ ሕፃናት ለሚጠጡት፣ ሰላጣና ቲማቲም ለሚታጠብበት። ለጠላ የሚሆነውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይሻላል። ቤት ውስጥ ሁለት ጀሪካን ለይቶ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለምድጃ ማድረግ ክርክሩን ያበርደዋል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። የጠራ ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ሊትር የሃይላንድ ዓይነት ብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ሞልቶ ቆርቆሮ ላይ አጋድሞ ለ6 ሰዓት ጠራራ ፀሐይ ማስመታት፤ ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ማቆየት። ክረምት ላይ የሚታመን አይደለም። ይሁንና በክረምት የተጠራቀመ ውሃ የሚጠጣው በበጋ ነውና ፀሐዩ ያኔ ሞልቷል።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ዩኒየኑንም ይመለከታል። በብዙ ቤት የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበት ጀሪካን የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የነበረበት ነው። ያ ጀሪካን በበዓል ማግሥት በገበያ ይሸጣል፣ ለልጅም ውሃ መቅጃ ይሰጣል። በሳሙናና በአመድ መታጠብ መርዙን አያስወጣም፤ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ማፍላትም፣ ክሎሪንም፣ ፀሐይም መርዝን አያጠፉም። መድኃኒቱ የሚሸጠው በማኅበራቱ መጋዘን በኩል እስከሆነ ድረስ ባዶውን ዕቃ ቀዳድቶ መልሶ የመሰብሰብ ኃላፊነትም ከሽያጩ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ባዶ ዕቃ ሳይመልስ አዲስ መድኃኒት አይወሰድም የሚል ደንብ አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ሊያጸድቀው ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ሥልጠናው ነው። የማኅበር አባልነት በአመዛኙ በአባወራው ስም ስለሆነ ሥልጠና ሲጠራ የሚመጣው እሱ ነው፤ ሪፖርቱም «ይህን ያህል አባወራ ሠለጠነ» ይላል። ውሃውን የምትቀዳው፣ የምታጠልለውና ክሎሪኑን የምትለካው ግን ባለቤቱ ወይም ሴት ልጁ ናት። እሷ ያልተጠራችበት የውሃ ሥልጠና አበል ከመክፈል ያለፈ ውጤት አይኖረውም። የቀበሌ አመራሮች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ተነጋግረው የሚቀጥለውን ሥልጠና በታንከር አጠገብ፣ ጀሪካንና ሲሪንጅ ይዘው፣ ለእማወራዎች ቢያደርጉት ለበጀቱም ይቀላል።

ለሥራ አመራር ቦርዱ የሚቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ጥቂት ነው። የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ከማዳበሪያና ከዘር ጋር በየመሠረታዊ ማኅበሩ ሱቅ እንዲገኝ ይደረግ፤ ትርፍ ባይጨመርበትም ኪሳራ የለውም። በማከማቻ ረገድ ጥንቃቄ ይሻል። ክሎሪን ከዩሪያም ሆነ ከፀረ ተባይ ጋር በአንድ ክፍል መቀመጥ የለበትም፤ ከዩሪያ ጋር ቢነካካ አደገኛ ውህድ ሊፈጥር ይችላል። ሙቀትና ፀሐይ ኃይሉን ስለሚያደክሙት በጥላ ይቀመጥ፤ ሲገዛም የምርት ቀኑ ይታይ። ዝናቡ በሰኔ ከመግባቱ በፊት ሱቆቹ እንዲደርሳቸው ግዥው በሚያዝያ መታዘዝ ይኖርበታል፤ ጀሪካን መልሶ የመሰብሰቡ ደንብም ለዚሁ ወር ጉባኤ በአጀንዳነት ቢያዝ ከመጀመሪያው የመድኃኒት ሽያጭ በፊት ሥራ ላይ ይውላል።