ሰዓቱ በማን እጅ ነው? ቴክኖሎጂ በሳይንስ ክፍል ያሳለፈው መቶ ዓመት



ስለ ትምህርትና ቴክኖሎጂ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ሊመጣ ስላለው ነገር ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ መጣውና ስለ ሄደው ነው። ከመቶ ዓመት ወዲህ ፊልም፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ሳተላይትና ኮምፒውተር በየተራ ወደ ሳይንስ ክፍል ገብተዋል። እያንዳንዱ ሲመጣ ትምህርትን ከሥሩ ይለውጠዋል ተብሎለታል። ታዲያ አንዳንዱ ሥር ሰድዶ ሲቀር ሌላው ለምን አቧራ ለበሰ? የመሣሪያው ውድነት ወይም ዘመናዊነት ብቻውን ይህን አይመልስም። ክፍል ውስጥ ሰዓቱን የሚያዘው ማን እንደሆነ ስንጠይቅ ግን ብዙው ነገር ግልጽ ይሆናል።

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 መጻሕፍት ብዙም ሳይቆዩ ከትምህርት ቤት እንደሚወጡ፣ ማንኛውንም የእውቀት ዘርፍ በተንቀሳቃሽ ምስል ማስተማር እንደሚቻል ተናግሮ ነበር። መጻሕፍቱ አልወጡም። ፊልም የልብን አመታትም ሆነ የእሳተ ገሞራን ፍንዳታ በማሳየት አይታማም። ነገር ግን መጽሐፍ ያልገባውን ተማሪ ገጹን መልሶ እንዲያነብ ይፈቅድለታል፤ የዚያን ጊዜ ፊልም አንዴ መዞር ከጀመረ ከኋላ ወንበር እጁን ላወጣ ልጅ አይቆምም ነበር።

ትምህርትን ከላይ ወደ ታች የማውረድ እምነት ጫፍ የደረሰው በአሜሪካ ሰማይ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ከኢንዲያና ግዛት የሚነሳ ዲሲ-6 አውሮፕላን፣ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ተሸክሞ 7,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እየዞረ በስድስት ግዛቶች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች የተቀረጹ ትምህርቶችን ያስተላልፍ ነበር። ሥራው በቴክኒክ ረገድ ያስደንቃል። ሆኖም መምህሩ ክፍለ ጊዜውን የሚያደራጀው በአውሮፕላኑ ሰዓት ነበር። በረራው እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመ።

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተጀምሮ ነበር። የኤምአይቲው የፊዚክስ ሊቅ ጄሮልድ ዛካሪያስ እ.ኤ.አ. በ1956 ሳይንቲስቶችንና መምህራንን አሰባስቦ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስን እንደገና ማዋቀር ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ገንዘብ ጎረፈ። ቡድኑ ፊልምም አዘጋጅቷል፤ ዋናው ነገር ግን በርካሽ ቁሳቁስ የሚሠራ የቤተ ሙከራ ዕቃ ለተማሪው ማቅረቡ ነበር። ከነዚህ አንዱ የሞገድ ትሪ ነው። መሠረቱ መስታወት በሆነ ትሪ ላይ ስስ ውሃ ይፈስስና ከላይ መብራት ይበራል፤ ውሃው ሲነካ የሞገዱ ጥላ ከሥር በተነጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ ይሄዳል። ተማሪው እንቅፋት ያስቀምጣል፣ ሞገዱ ሲታጠፍ ያያል፣ ካላመነ ይደግመዋል። ትሪው የትም አይሄድበትም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ፕሮግራም ማስተላለፍ ጀመረ። በደርግ ዘመን ደግሞ በየትምህርት ቤቱ የፔዳጎጂ ማዕከላት ተስፋፉ፤ መምህራን ከእንጨት፣ ከጣሳና ከካርቶን መርጃ መሣሪያ የሚሠሩባቸው ክፍሎች ነበሩ። ማዕከላቱ እምብዛም ባይወራላቸውም የቴክኖሎጂ ታሪካችን አካል ናቸው።

ሁላችንም የምናስታውሰው ግን ፕላዝማን ነው። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት መከታተል ጀመሩ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው፣ በየክፍሉ በተተከለው ትልቅ የፕላዝማ ስክሪን ላይ ይታዩ ነበር። ሐሳቡን ማጣጣል አይገባም። ብቁ የሳይንስ መምህርና የተሟላ ቤተ ሙከራ በጠፋበት አገር፣ የገጠሩ ተማሪም የከተማውም አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ ማለት ፍትሐዊ ምኞት ነው። ሶዲየም ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ቢያንስ በስክሪን አየው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ግን ቀረብ ብለን እንየው። መምህሩ ለመግቢያ ጥቂት ደቂቃ አለው። ሥርጭቱ ይጀምርና ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ስለ ፍጥነት ጥያቄ ጠይቃ ለአፍታ ዝም ትላለች። ተማሪው እንግሊዝኛውን በልቡ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ መልሶ፣ ጥያቄው ምን እንደሆነ ሲገባው፣ እሷ "በጣም ጥሩ" ብላ አልፋለች። ማን እንደመለሰላት አይታወቅም። መምህሩ ላስቁም ቢል ሥርጭቱ በሳተላይት ነውና ይቀጥላል፤ ልድገመው ቢልም አይችልም። መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይሄዳል። ፕላዝማን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው የመዘገቡት ቅሬታ ይኸው ነው፤ ፍጥነቱ፣ ቋንቋውና የመምህሩ ወደ ዳር መገፋት። በገዛ ክፍሉ የስክሪን ጠባቂ የሆነ መምህር ማብራሪያውን በቀሩት ጥቂት ደቂቃዎች ሊያሯሩጠው ይሞክር ነበር።

አሁን የሰዓትን ጉዳይ በግልጽ ወዳሳየ ሥራ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሮበርት ቲንከርና ባልደረቦቹ ኮምፒውተርን ከመለኪያ መሣሪያ ጋር አገናኙ። ለፖላሮይድ ካሜራ የተሠራውን፣ ርቀትን በድምፅ ሞገድ የሚለካ ሴንሰር ለትምህርት አዋሉት። ተማሪው ከሴንሰሩ ፊት ሲራመድ የርቀቱ ግራፍ ስክሪኑ ላይ ይሳላል፤ ሲቆም መስመሩ አግድም ይሆናል፣ ወደ ሴንሰሩ ሲመለስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሄዘር ብራሴል የተባለች ተመራማሪ ተማሪዎችን በቡድን ከፍላ ሞከረች። አንዱ ቡድን ግራፉን እየተራመደ ያየዋል፤ ሌላው ቡድን የሚያየው ከ20 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። መሣሪያውም ግራፉም አንድ ነው። ያም ሆኖ ግራፉ የዘገየባቸው ተማሪዎች መሣሪያው የሚሰጠውን ጥቅም አብዛኛውን አጡት። እግር ያደረገውን ዓይን ወዲያው ሲያይ ብቻ ነው ሁለቱ የሚገናኙት።

ከዚህ የምረዳው፣ ለሳይንስ ትምህርት የሚበጅ መሣሪያ ሲጠይቁት ወዲያው የሚመልስ፣ ሲያስቡ ዝም ብሎ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። አውሮፕላኑም ፕላዝማውም ሁለቱንም አልቻሉም። የፊዚክስ ሊቁ ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመራቸው ነፃ የኮምፒውተር ማስመሰያዎች በዓለም ዙሪያ የተሠራጩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ተማሪው ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ አምፖሉ ወዲያው ይደምቃል፣ እጁን ሲያነሳ ፕሮግራሙ ይጠብቀዋል። ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸውም ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ዛሬ በብዙ መምህራን ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ አለ። አንድ ክርና በክሩ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ አንድ ድንጋይ ይጨመርበት። ክሩ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ድንጋዩ ሄዶ ለመመለስ 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መምህሩ ክሩን 1 ሜትር ከማድረጉ በፊት ተማሪዎቹን ይገምቱ ይበል። ርዝመቱ አራት እጥፍ ስለሆነ ጊዜውም አራት እጥፍ ይሆናል የሚሉ አይጠፉም፤ የሚሆነው ግን 2 ሰከንድ ገደማ ነው። የተጠራጠረ ካለ ቪዲዮው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይቆጠራል። ስልኩ እዚህ ላይ የሚሠራው መምህሩን መተካት ሳይሆን ጥርጣሬን በመረጃ መፍታት ነው።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ለትምህርት ቤት ሲገዛ ስንት ኢንች ነው፣ ስንት ጊጋባይት ይይዛል ከማለታችን በፊት፣ መምህሩ ሊያስቆመው ይችላል ወይ፣ ተማሪውስ በእጁ ነክቶ ሊጠይቀው ይችላል ወይ ብለን እንጠይቅ። በጀቱም ዕቃው ላይ ብቻ አይለቅ፤ መሣሪያውን ለሚያስተካክል ቴክኒሻንና መምህሩ ከክፍል በፊት ለሚሞክርበት ጊዜ ይመደብለት። ሲጠየቅ መመለስና ተማሪ ሲያስብ መጠበቅ ከጥንት ጀምሮ የጎበዝ መምህር ሙያ ነው። መሣሪያው ይህን ሙያ የሚያግዝ ከሆነ ይግባ፤ የሚነጥቅ ከሆነ ግን በነፃ ቢሰጠንም ውድ ነው።