የተጠገነ ጊታር ቀለም ለምን ይሰነጠቃል?



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጊታር ቀለም ነው። «ይህ ደግሞ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ይጠቅመናል። የወጣቶች ክበብ ጊታር የጋራ ንብረት ነው። ወድቆ ተሰነጠቀ፤ አናጢ ጠገነው፤ ቀለምም ተቀባ እንበል። ክረምት አልፎ በጋ ሲገባ ቀለሙ በዚያው በተጠገነው ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ሁላችንም ቀለሙን እንረግማለን። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ ነው።

እንጨት ከተቆረጠና ከተጠረበ በኋላም እርጥበት ይስባል፤ ይለቃልም። በእርጥብ ወራት በወርዱ ያብጣል፤ በደረቅ ወራት ይሸበሸባል። የደረቀ ቀለም አብሮት መሳሳብ ሲያቅተው ይሰነጠቃል። ወፍራም ከሆነማ ይብሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጥገናውን እንመርምር። የተጣበቀውን ቦታ በጣት ቀስ አድርገን እንግፋ። ስንጥቁ ከተከፈተ ኮላው አልያዘም ማለት ነው። ቀለም ደግሞ ስንጥቅ አያጣብቅም። እንደገና የተቀባው ኮላ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ።

ሁለተኛ፣ ሰፊ ክፍተት በስቱኮ አይሞላም፤ ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል። ክሩ ከጊታሩ እንጨት ክር ጋር የሚሄድ ስንጣሪ በኮላ ይግባበት።

ሦስተኛ፣ የተሰነጠቀው አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይነሣ። አለዚያ የታችኛው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዝ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን አትተንፍሱት። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፤ ልጆች አይቅረቡ። አቧራውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አራተኛ፣ ቀለም ከቀለም አይደባለቅ። በዘይት ቀለም ላይ በቲነር የቀጠነ ቀለም ቢደረብ የታችኛውን ያኮማትረዋል። በጣሳው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። በማናውቀው ቋንቋ ከሆነ ሻጩን ጠይቀን በደብተራችን እንጻፈው። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው። ቲነር ባለበት ደግሞ እሳትም ሲጋራም አይኑር።

አምስተኛ፣ ስስ ስስ አድርገን እየደጋገምን እንቀባ። በአንድ ጊዜ ወፍራም ቢለቀለቅ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ኋላ ውስጡ ሲሰበሰብ ላዩን ይሰነጥቀዋል። የጊታሩ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ስስ ሳንቃ ነው፤ ድምፁን የሚሰጠውም የእርሱ ንዝረት ነው። ሳንቃው በቀለም ከታፈነ ጊታሩ ያምር ይሆናል እንጂ ድምፁ ይሞታል።

የተቀባበትን ቀን ጻፉ። በየመካከሉ የሚያስፈልገውን የመድረቂያ ጊዜ ጠብቁ። የቀለሙ ሽታ ጨርሶ ሳይጠፋ ክር አትወጥሩ፤ ሻንጣ ውስጥም አትዝጉበት። ከዚያ በኋላም ከምድጃ ዳርና ከፀሐይ አርቁት።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። መጠበቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ጥገና ግን ኮላም፣ ቀለምም፣ ገንዘብም ይጠይቃል።