ከበግ ጠጕር የአንገት ልብስ ስለ መሥራት



በየዳ ቁመቱ ከ4500 ሜትር በላይ የሆነው የራስ ደጀን ተራራ አገር ነው። ውርጩን ከእናንተ ይልቅ የሚያውቀው የለም። በማለዳ በግ የሚያግደው ልጅ አንገቱ ተራቁቶ ይውላል፤ በጉ ግን የልጁን ልብስ በጀርባው ተሸክሞ በፊቱ ይሰማራል።

ጠጕሩን ሸልቶ፥ በሞቀ ውሃ አጥቦ፥ በደጋን ነድፎ በእንዝርት መፍተል እናቶች የሚያውቁት ሙያ ነው። ለተማሪው የሚጨመርለት በዙሪያው ችንካሮች እኩል ተራርቀው የቆሙበት ክብ እንጨት ብቻ ነው። ክሩን በየችንካሩ አንድ አንድ ጊዜ እየጠመጠመ ይዞራል፤ ሁለተኛም ይደግማል። ከዚያም ጫፉ በታጠፈ ሽቦ የታችኛውን ቀለበት አንሥቶ፥ በላይኛው ላይ አሳልፎ፥ ከችንካሩ ራስ ወደ ውስጥ ይጥለዋል። እንዲህ እየደጋገመ ሲሄድ ሥራው በእንጨቱ መካከል እንደ እጅጌ ሆኖ ይወርዳል፤ ሲለብሱትም ድርብ ስለሚሆን ይሞቃል። ክሩን ግን አያጥብቅ፤ ከጠበቀ ቀለበቱ አልወጣ ይላል። ሲፈጽም የክሩን ጫፍ በቀለበቶቹ ሁሉ አሳልፎ ይቋጥር፤ አለዚያ የሳምንት ድካም በአንድ ስሕበት ይተረተራል።

«ልጄን ሸማኔ ልታደርጉት ነውን?» የሚል አባት አይጠፋም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪና ሸማ ሠሪ በሥራው እንዳይሰደብ ከልክለዋል፤ እኛ ጸሐፊዎች እንኳ ጠንቋይ እንዳንባል በዚያው ተነግሮልናል። እንግዲህ ሽማግሌዎች ሆይ፥ ለእንዲህ ያለው አባት መልስ መስጠትን ለመምህሩ ብቻ አትተዉበት፤ ክቡን እንጨት የሚጠርብለትንም ሰው ከመንደሩ ፈልጉለት።